ማዕድኑን ዜሮ ብሎ ማዕድን አውጪውን መገመት

እ.ኤ.አ. በ1915 ጉገንሃይም ኤክስፕሎሬሽን የተባለው የአሜሪካ የማዕድን ኩባንያ ንብረቱን ለባለአክሲዮኖቹ አከፋፍሎ ሊፈርስ አቀደ። የሀብቱ ትልቁ ክፍል የሌሎች ማዕድን አውጪዎች አክሲዮን ነበር። በዎል ስትሪት አንድ የደላላ ቤት ተቀጥሮ ይሠራ የነበረው የ21 ዓመቱ ቤንጃሚን ግሬም ታዲያ አንድ ቀላል ጥያቄ ጠየቀ፤ አንድ አክሲዮን የያዘ ሰው ኩባንያው ሲፈርስ በእጁ ምን ይገባል?

ሴፕቴምበር 1 ቀን የጉገንሃይም አክሲዮን በገበያ 68.88 ዶላር ያወጣ ነበር። ግሬም ውስጡን ፈትቶ ዘረዘረው። ከኬኔኮት መዳብ 0.7277 አክሲዮን፣ በ52.50 ሲባዛ 38.20። ከቺኖ መዳብ 0.1172፣ በ46 ሲባዛ 5.39። ከአሜሪካን ስሜልቲንግ 0.0833፣ በ81.75 ሲባዛ 6.81። ከሬይ ኮንሶሊዴትድ መዳብ 0.185፣ በ22.88 ሲባዛ 4.23። ሌላ ንብረት 21.60። ድምሩ 76.23 ዶላር መጣ። ከገበያው ዋጋ በ7.35 ይበልጣል።

ይህን ስሌት ባየሁት ቁጥር የምደነቀው ባልገባበት ነገር ነው። የኬኔኮት መዳብ አላስካ፣ የቺኖ ኒው ሜክሲኮ፣ የሬይ ደግሞ አሪዞና ውስጥ ነበር የሚቆፈረው። ስለ ጉድጓዶቹ ጥልቀት፣ ስለ አለቱ ጥራት፣ የአውሮፓው ጦርነት የመዳብን ዋጋ ወዴት እንደሚወስደው አንድ ቃል አልተጻፈም። ግሬም ጉገንሃይምን ግዙ፣ በውስጡ ያሉትን አክሲዮኖች ደግሞ በዚያው ጊዜ አስቀድማችሁ ሽጡ ብሎ መከረ። እንዲያ ከሆነ መዳብ ቢወጣም ቢወርድም ልዩነቱ በእጅ ይቀራል። የቀረው ስጋት ባለአክሲዮኖቹ እምቢ ቢሉ፣ ፍርድ ቤት ቢያግድ ወይም ነገሩ ቢጓተት ነው። ኩባንያው ፈረሰ፤ ትርፉም እንደተባለው ተገኘ።

አንዷ መስመር ግን ከሌሎቹ ትለያለች። አራቱ መስመሮች በየቀኑ ገበያ የሚያወጣላቸው ዋጋ አላቸው፤ «ሌላ ንብረት» ግን የላትም። 21.60 ዶላሯ በአንድ ሦስተኛ ያህል ተጋንና ቢሆን ኖሮ 7.35ቱ ትርፍ ሙሉ በሙሉ ይበላ ነበር። የግሬም ቀጣይ ሃያ ዓመት ሥራ በከፊል ይህችን መስመር መግራት ይመስለኛል፦ ገበያ ዋጋ ያልቆረጠለትን ንብረት ራስን ሳያታልሉ በስንት መያዝ ይቻላል?

መልሱ በ1934 ከዴቪድ ዶድ ጋር ባሳተመው «ሴኪዩሪቲ አናሊሲስ» መጽሐፍ ውስጥ በአንዲት ትንሽ ሰንጠረዥ ተቀምጧል። ኩባንያው ነገ ቢፈርስ ብለን እናስብ፤ ጥሬ ገንዘብ ከመቶ መቶ ይያዛል። ተሰብሳቢ ሒሳብ ከ75 እስከ 90፣ በአማካይ 80። የዕቃ ክምችት ከ50 እስከ 75፣ በአማካይ ሁለት ሦስተኛው። ሕንፃው፣ ማሽኑና የቀረው ቋሚ ንብረት ከ1 እስከ 50፣ በአማካይ 15። ከዚህ ላይ ዕዳ በሙሉ ይቀነሳል፤ ዕዳው አንድ ሳንቲም ቅናሽ አይደረግለትም። ሀብት ይሸረፋል፣ ዕዳ አይሸረፍም። የሥራው ውበት ያለው እዚህ አድልዎ ላይ ነው።

ለዕለት ሥራ ደግሞ ግሬም ከዚህም ያጠረ መንገድ አለው። ቋሚ ንብረቱን ጨርሶ ተወው፤ ከአጭር ጊዜ ሀብቱ ላይ የአጭሩንም የረጅሙንም ጊዜ ዕዳ፣ ቅድሚያ መብት ያላቸውንም አክሲዮኖች ቀንስ፤ የቀረውን ለተራ አክሲዮኖቹ አካፍል፤ ከዚያ ሁለት ሦስተኛ በታች ካገኘኸው ግዛ። እንዲህ ያለ ዋጋ ከየት ይገኛል የሚል የ1932ን ዎል ስትሪት ያስታውስ። በግሬም መሪነት ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በተደረገ ጥናት፣ ከ600 ያህል የኢንዱስትሪ ኩባንያዎች ከ200 በላይ የሚሆኑት ከተጣራ የሥራ ማስኬጃ ካፒታላቸው ባነሰ ዋጋ ይሸጡ ነበር። ከ50 በላይ የሚሆኑት እንዲያውም ካላቸው ጥሬ ገንዘብና ወዲያው ከሚሸጥ ሰነድ ባነሰ ዋጋ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለው ለባለአክሲዮንም ይሠራል።

ይህ መለኪያ ማዕድን አውጪ ላይ ሲያርፍ እንግዳ ነገር ይሆናል፤ የሚጣለው ቋሚ ንብረት ማዕድኑ ራሱ ነዋ! የፒያሳ ወርቅ ሠሪ አሮጌ ቀለበት ሲገዛ ፈርጡን ነቅሎ ነው የሚመዝነው። ፈርጡ ውብ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ግን የሚከፍለው ሚዛኑ ላይ ለተቀመጠው ነው። ወግ አጥባቂው ገማችም ጉድጓዱን፣ ወፍጮውንና መሬት ውስጥ ያለውን ክምችት እንዲሁ ነቅሎ ወደ ጎን ያስቀምጣል።

እስቲ የሌለ ኩባንያ ፈጥረን እንሞክረው። ጥሬ ገንዘብ 30 ሚሊዮን ዶላር፣ ተሰብሳቢ 10፣ ክምችት 18፣ ማዕድኑና ማሽኑ በመዝገብ 120፣ ዕዳ በጠቅላላ 21፤ አክሲዮኖቹ 40 ሚሊዮን። የመዝገብ ዋጋው ለአንድ አክሲዮን 3.90 ዶላር ገደማ ነው። ገበያው 45 ሳንቲም ይሸጠዋል። አስደማሚ ርካሽ!

አሁን እንሽረፈው። የተሰብሳቢው 10 ሚሊዮን በግሬም አማካይ 8 ይሆናል። በብዙ አገር ግን የማዕድን አውጪ ተሰብሳቢ ከፊሉ መንግሥት የሚመልስለት የተጨማሪ እሴት ታክስ ነው፤ መንግሥት ደግሞ ሲሰበስብ እንጂ ሲመልስ አይቸኩልም። እንደ አገሩ ከ80ም መውረድ ይገባል፤ የኛውን ግን በ8 እንተወው። ጥሬ ገንዘብ ውስጥም ለመልሶ ማልማት ዋስትና የታገደ ካለ ይወጣል፤ የኛው ኩባንያ የለበትም እንበል።

ክምችቱ ላይ ነው እጅ የሚፈተነው። ግሬም 18ቱን በሁለት ሦስተኛ አስልቶ 12 ይል ነበር። ሁለት ሦስተኛ ለጨርቃ ጨርቅ መጋዘን የሚያስኬድ አማካይ ነው፤ ለማዕድን ግን ድፍን ይመስለኛል። ከሪፖርቱ ጀርባ ያለውን ማብራሪያ ሲገልጡት 18ቱ ሦስት የተለያየ ነገር ሆኖ ይገኛል። ስድስቱ ለማጣሪያ የተዘጋጀ የወርቅ ጡብ ነው፤ ይህ ገንዘብ ማለት ነው፣ 6 ይያዝ። ስምንቱ ወፍጮው ደጃፍ የተከመረ አለትና በሳይናይድ እየታጠበ ባለ ክምር ውስጥ አለ የተባለ ወርቅ ነው። ያንን ወርቅ ማንም አልመዘነውም፤ መሐንዲስ የገመተው ነው። ወፍጮው ከቆመ ደግሞ አለቱ አለት ነው፤ ዜሮ። የቀሩት አራቱ የመኪና ጎማ፣ የወፍጮ ብረት ኳስ፣ ኬሚካልና መለዋወጫ ናቸው። ከከተማ ርቆ በረሃ ላይ የተቀመጠ የግዙፍ መኪና ጎማ በሐራጅ ማን ይገዛዋል? 1 ይበቃል። 18ቱ 7 ሆነ።

ዕዳው ደግሞ ያብጣል። ከ21ዱ ውስጥ 9ኙ ኩባንያው ሲዘጋ ቦታውን መልሶ ለማስተካከል ያለበት ግዴታ ነው እንበል። ይህ ቁጥር ከብዙ ዓመት በኋላ የሚከፈል ነው ተብሎ በወለድ ስሌት የተቀነሰ ነው። ነገ ይፈርሳል ብሎ የሚገምት ሰው ያንን ቅናሽ መጠቀም አይችልም፤ ነገ ከፈረሰ የሚከፈለውም ነገ ነው። ያልተቀነሰውን አኃዝ ከማብራሪያው ፈልጎ ያወጣል፤ 13 ይሁን። ዕዳው 25 ሆነ።

30 ሲደመር 8 ሲደመር 7፣ ሲቀነስ 25፤ የቀረው 20 ሚሊዮን ነው። ለአንድ አክሲዮን 50 ሳንቲም። የግሬም ሁለት ሦስተኛ 33 ሳንቲም ገደማ ይላል። በ45 ሳንቲም «አስደማሚ ርካሽ» የነበረው ወረቀት አሁን ውድ ነው፤ ባለሙያው ዘግቶት ወደ ሌላው ያልፋል። 3.90ን ሳንቲም በሳንቲም ወደ 50 ያወረደው ሥራ ተንኮልም ትንቢትም የለበትም፤ መነሻ ቁጥሮቹ ሁሉ ኩባንያው ራሱ ካተመው ገጽ ላይ የተወሰዱ ናቸው።

የዘዴው ድክመት ሌላ ቦታ ነው። ሰንጠረዡ ፎቶግራፍ ነው፤ ማዕድን ፈላጊ ኩባንያ ደግሞ ቀን ከሌት ጥሬ ገንዘብ ይበላል። የኛው በወር 1 ሚሊዮን የሚያቃጥል ቢሆን ከስድስት ወር በኋላ 20ው 14 ሆኖ፣ 50 ሳንቲሙ 35 ይሆናል። አዲስ አክሲዮን በርካሽ ካሳተመ ደግሞ አካፋዩም ያድጋል። ከፈረሰ የሚለው ግምትም ግምት ብቻ ነው፤ ገንዘቡን በእጁ የያዘው ሥራ አስኪያጅ ከማከፋፈል መቆፈር ይመርጣል። በጉገንሃይም ጊዜ መፍረሱ ታቅዶ ነበር፤ ብዙውን ጊዜ ግን አይታቀድም።

የኛን አፈር የሚቆፍሩ ኩባንያዎች አክሲዮን በውጭ ገበያ መሸጥ ከጀመረ ቆይቷል። የቱሉ ካፒን ወርቅ የያዘው ኬፊ ለንደን፣ የሰገሌን የያዘው አኮቦ ሚነራልስ ኦስሎ ይገበያያሉ። አዲስ አበባም በ2025 የራሷን የሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ ከፍታለች። ማዕድኑን ገና በመገንባት ላይ ያለ ኩባንያ በዚህ ወንፊት ሲነፋ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይተርፈውም። ያ መጥፎ ኩባንያ ነው አያሰኝም፤ ገዢው የሚከፍለው እያንዳንዱ ሳንቲም መሬት ውስጥ ላለው መሆኑን ነው የሚነግረው። መሬት ውስጥ ያለውን ለመገመት የጂኦሎጂ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ ያኛው የሌላ እጅ ሥራ ነው። ከላይ ያለውን ግን ካልኩሌተር የያዘና የሪፖርቱን የኋላ ገጾች ለማንበብ ትዕግሥት ያለው ሰው በአንድ ምሽት ይጨርሰዋል፤ የሚቀጥለው የሩብ ዓመት ሪፖርት ሲወጣም ከጥሬ ገንዘቡ ጀምሮ እንደገና ይሠራዋል።