የሰንበት ሐተታ

በነፋስ ስልክ ላፍቶ፣ በሳሪስ ሰፈር የሚኖር አንድ ወዳጅ ቤተሰብ በዕለተ ሰንበት፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ቡናው ሲቀርብ ነባር ፊልሞችን አያት ከልጅ ልጅ ሳይለይ በአንክሮ ተመልክቶ፣ እንደ አንድምታ ጉባኤ ሁሉም በየተራው ሐተታ የሚሰጥበትን ልማድ እጅግ አደንቃለሁ።

በተለይም የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ያየንበት ሰንበት ከልቡናዬ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1974፣ አብዮቱ አገሪቱን ሲያናውጥ፣ በጥቁርና ነጭ ተቀርጾ በ1976 ለዓለም የታየው ይህ ሥራ፣ ለባለርስት የሚደክመውን የጭሰኛ ቤተሰብ ውሎ በበሬ እርምጃ መጠን እያዘገመ ስለሚያሳይ፣ ታናሺቱ ልጅ መጀመሪያ ተቁነጠነጠች፤ የባለርስቱን ላም አድናለሁ ስትል ጎርፍ የወሰዳትን ብላቴና ባየች ጊዜ ግን በአርምሞ ተዋጠች። ገጠር ያደጉት አያት የእርፉን አያያዝና የጅራፉን አነሳስ መርምረው «እነዚህስ ያረሱ ናቸው» ብለው መሰከሩ፤ እውነትም ተዋንያኑ ሙያተኞች አልነበሩም።

ከዚያ ወዲያ የተነሣው ክርክር፣ መሬቱን የተነጠቀው አርበኛ ከበበ በባለርስቱ ላይ እጁን ማንሣቱ ፍትሕ ነው ወይስ በቀል የሚል ነበር፤ እናት ከሴት ልጃቸው ጋር ሳይስማሙ፣ ግን አንዷ የሌላዋን ቃል ሳያቋርጡ፣ ከአቦል እስከ በረካ ተሟገቱ። ለሚቀጥለው ሰንበት የዚያው የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» ተመርጧል።