«ለንግድ ያልኾነ» ስለሚለው ፈቃድ

በኢንተርኔት የወጣ ትምህርት በነጻ ይነበባል ማለት እንደ ልብ ይባዛል ማለት አይደለም። የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የኮርሶቹን ጽሑፍ ለዓለም ሁሉ እንደሚገልጥ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲያስታውቅ ብዙ ሰው አደነቀ፤ እኛም ዛሬ ከሚጠቀሙት ወገን ነን። ነገር ግን ጽሑፉ የሚሰጥበት የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ሦስት ግዴታ አለው፤ ይኸውም ምንጩን መጥቀስ፣ ለንግድ አለማዋል፣ ለውጠው የሠሩትንም በዚያው ፈቃድ ማሠራጨት ነው። ትችታችን በመካከለኛው ላይ ነው።

ለንግድ ማለት ምንድር ነው? ፈቃዱ የሚመለከተው የተጠቃሚውን ዋና ዐሳብ ነው፤ በመካከል ገብቶ በክፍያ ስለሚያባዛው ሰው ግን በግልጽ አይናገርም። ጥያቄው አሜሪካ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ግሬት ማይንድስ የሚባል ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት የሒሳብ መማሪያውን በዚሁ ፈቃድ ካወጣ በኋላ፣ ትምህርት ቤቶች ፌዴክስ ኦፊስ ዘንድ ከፍለው ስላስባዙት ኩባንያውን ከሰሰ። በኒው ዮርክ የሚያስችለው የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 ክሱን አልተቀበለውም። ፈቃድ ያለው ትምህርት ቤቱ ነው፤ ማባዣ ቤቱ የሚሠራው ስለ እርሱ ኾኖ ነውና። በኦፊስ ዲፖ ላይ የቀረበውም ተመሳሳይ ክስ በ2019 በሌላ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እንዲሁ ወደቀ።

ፍርዱን ትክክል ነው እንላለን። ኾኖም ባለሱቁ ማንም ሳያዝዘው አስቀድሞ አባዝቶ በመደርደሪያ ቢሸጥስ? በዚህ ፍርድ መጠለል አይችልም፤ ወረቀቱም ዋጋውም አንድ ቢኾን እንኳ ነጋዴ ይባላል። በግቢያችን በር በፈተና ሰሞን የምናየው ደግሞ ይህን ሁለተኛውን ነው። ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ያለው ተማሪ ራሱ አውርዶ ያስባዛል፤ የሌለው ከመደርደሪያው ይገዛል። እንግዲህ ክልከላው የሚያርፈው በድኻው ላይ ነው። (ለወረቀት ቁጠባ ተብሎ የሽፋኑ ገጽ ስለሚቀር የጸሐፊው ስም እንኳ ከእጃችን አይደርስም፤ ይህ ግን የእኛው ጥፋት ነው።)

የአገራችን አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለማስተማር ሲባል በመጠኑ ማባዛትን ይፈቅዳል፤ ባለመደርደሪያውን ግን አስተማሪ ነው ለማለት ይቸግራል።

የራይስ ዩኒቨርሲቲ ኦፕንስታክስ ከመጻሕፍቱ ብዙዎቹን ምንጭ በመጥቀስ ግዴታ ብቻ ስለሚሰጥ፣ እነዚህን ማንም አትሞ ሊሸጥ ይችላል። ነጋዴ ይበለጽግበታል የሚሉ አሉ። ይበልጽግ! ዋናው ጽሑፍ በነጻ እዚያው ሲጠብቀን ዋጋውን እስከ ምን ያወጣዋል? ስለዚህ ማስታወሻቸውን በኢንተርኔት የሚያወጡ መምህሮቻችን ባለ ፎቶ ኮፒው አባዝቶ መሸጥ ይችል እንደ ኾነ በግርጌው በአንድ መስመር እንዲጽፉልን እንለምናለን።