ክሮም ለዳታችሁ አያስብም
አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ በረራ እየጠበቃችሁ ዜና ልታነቡ ክሮምን ከፈታችሁ እንበል። ጽሑፉ ትንሽ ነው፤ ሜጋችሁን የሚጨርሰው ሳትጠሩት የሚመጣው ማስታወቂያ ነው። ክሮም ዳታ የሚቆጥብ «ላይት ሞድ» ነበረው። ጉግል «የዳታ ዋጋ በብዙ አገሮች ቀንሷል» ብሎ በመጋቢት 2014 ዓ.ም. አስቀረው። ያኔ እኮ መቀሌ ውስጥ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ ነበር!

ኦፔራ ሚኒ ገጹን ሰርቨሩ ላይ ጨምቆ ይልክላችኋል። ይቆጥባል፣ ግን የምታነቡት ሁሉ በእነሱ በኩል ያልፋል። እኔ የምመርጠው ፋየርፎክስ ላይ ዩብሎክ ኦሪጅን መጫንን ነው፤ ማስታወቂያውን ገና ሳይወርድ ያስቆመዋል። የአንድሮይድ ስልኩ ክሮም ግን እንዲህ ያለ ኤክስቴንሽን አይቀበልም (የጉግል ዋና ገቢ ማስታወቂያ መሆኑን አትርሱ)። ከፈለጋችሁ ዩብሎክን ከወሰናችሁት መጠን በላይ የሆነ ምስልና ቪዲዮ እንዳያወርድም ማዘዝ ትችላላችሁ።