ስለ ባላገርና ስለ ቴሌቪዥን ቀልድ

ቀልድ ቀላል ነገር ይመስላል። ነገር ግን አንድ ሕዝብ በማን እንደሚሥቅ ያስተዋለ ሰው፥ ማንን እንደሚያከብርና ማንን እንደሚንቅ ለማወቅ ብዙ አይቸገርም። ስለዚህ በቴሌቪዥን የሚቀርቡልን አሥቂኝ ድራማዎችና ፊልሞች እንደ ማንኛውም የሥነ ጽሑፍ ሥራ ሊመረመሩ ይገባቸዋል።

ይህን ኀሳብ ያስነሣብኝ በብልባላ ያየሁት ነገር ነው። ብልባላ ከላሊበላ ወደ ሰቆጣ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የላስታ ከተማ ስትሆን፥ በጊዮርጊስና በቂርቆስ የአለት አብያተ ክርስቲያናት ትታወቃለች። በአንድ የገበያ ቀን ከሻይ ቤት ገብቼ ሳለሁ በቴሌቪዥን አንድ ቀልድ ይታይ ነበር፤ የማን ሥራ እንደ ሆነ ስሙን አልጠራም። ጋቢ የለበሰ፥ ዱላ የያዘ ባላገር አዲስ አበባ ገብቶ ከሊፍት ፊት ቆሞ ይጮኻል፤ ቃላት ያዛባል፤ የከተማ ልጆችም ይሣለቁበታል። እኛም ሣቅን። ከአጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ ግን ጥቂት ፈገግ ካሉ በኋላ፥ «ልጄ፥ ይህ ሰው ከየት አገር ነው? ልብሱ የእኛ ነው፤ የእኛን ነገር ግን አንድም አያውቅም» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ።

በእውነቱ የሽማግሌው ጥያቄ ከረዥም ሒስ ይበልጣል። እውነተኛው ባላገር ደመና አይቶ የዝናቡን ነገር ይገምታል፤ ከሸንጎ ቆሞ ነገሩን በምሳሌ ያስረዳል፤ ሲያሻው በሰምና ወርቅ ይናገራል። የቀልዱ ደራሲ ግን ጋቢውንና ዱላውን ወሰደ እንጂ አንደበቱን ትቶት ሄደ።

ይህን ስል ባላገር አይቀለድበት ማለቴ አይደለም። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ከሠርግ ቤት ሲቆም ሀብታሙን በስስቱ፥ ሙሽራውን በፍርሀቱ ይሸነቍጠዋል። ነገር ግን የሚነካው ሰው ከፊቱ ተቀምጧል፤ መልስ ሊሰጠው ይችላል፤ ሽልማቱንም የሚሰጠው እርሱ ነው። ስለዚህ አዝማሪው ሰውዬውን በሚገባ ማወቅ አለበት፤ ከሳተ የሚዋረደው ራሱ ነው። በቴሌቪዥን የሚቀልደው ግን የሚቀልድበትን ሰው ፊት አያይም።

የጥንቱ ቴአትራችንም ሌላ መንገድ አሳይቶን ነበር። የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፥ የአውሬዎች ኮመዲያ» ከላ ፎንቴን ተረቶች ተነሥቶ፥ በአራዊት አምሳል የአስተዳደሩን ብልሹነት ነቀፈ፤ በዚህም ምክንያት ታገደ። ቀልዱ ያረፈው በደካማው ላይ ሳይሆን ሥልጣን በያዘው ላይ ነበር። ከውጭም ቻርሊ ቻፕሊን እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ1931 ባወጣው «ሲቲ ላይትስ» በተባለው ፊልም መጀመሪያ ላይ፥ ሐውልት የሚመርቁትን ታላላቅ ሰዎች ንግግር ትርጉም የሌለው ጩኸት አደረገው፤ ሐውልቱ ሲገለጥም አንድ ድኻ ተኝቶበት ተገኘ። በድኻው እንሥቃለን፤ ነገር ግን በሣቃችን አይዋረድም፤ ዓይነ ስውር ለሆነችው አበባ ሻጭ የሚያደርገው ደግነት ከባለጠጋው በላይ ያቆመዋል።

በአገራችን ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ሕዝቡን ያሣቁ ባለሙያዎች ጥቂቶች አይደሉም። ልመንህ ታደሰና አለባቸው ተካ፥ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ በጥንድ ሲጫወቱ ያየ ሰው ስማቸውን አይረሳም። በዚያ ጊዜ ግን ቴሌቪዥን በአብዛኛው በከተማ ስለ ነበረ፥ ባላገሩ ስለ እርሱ የሚባለውን የሚሰማበት ዕድል ጥቂት ነበር። ዛሬ ዲሹ በብልባላ ጣሪያ ላይ ተተክሏል። የሚቀለድበት ሰው እንደ ሠርጉ ቤት ሰው ከፊት ተቀምጦ ያያል፤ ልዩነቱ መልስ ለመስጠት አለመቻሉ ብቻ ነው። ከአያቱ ጋር አብሮ የሚያይ ተማሪ የአያቱ አነጋገር መሣቂያ መሆኑን ከዚያ ከተማረ፥ ያን ትምህርት መምህሩ በቀላሉ ሊያስረሳው አይችልም።

እንግዲህ ደራሲዎቻችን ባላገሩን ከሊፍት ፊት ማቆሙን ለጊዜው ይተዉና ከተሜውን አንድ ጊዜ ወደ ላስታ ይላኩት። በቅሎ መጫን ሲያቅተው፥ ቅኔ ተነግሮበት ምስጋና መስሎት ሲያመሰግን ያሳዩን። ከእኛም ከመንግሥት ሠራተኞች መካከል ሞፈር ጨብጦ ሳያውቅ ገበሬውን ሰብስቦ ስለ እርሻ የሚያስተምር አይጠፋምና፥ እርሱም አይቅርባቸው። እንዲህ ያለውን ቀልድ የብልባላው ሽማግሌ ቢያዩት ከእኛ ጋር ከልባቸው የሚሥቁ ይመስለኛል።