ዘጠኝ ኳስ

ተራው የቻይና ብስክሌት የኋላ ጎማው እምብርት፣ ሞዞው፣ በእያንዳንዱ ጎን 9 ኳስ፣ የፊተኛው ደግሞ አነስ አነስ ያሉ 10 ኳሶች ይይዛል። የጥገና መጽሐፍ ቢገለጥ የሚገኘው ቁጥር ይኸው ነው። ሥራውን በዓይኑ ብቻ የለመደ ልጅ ግን ቦታውን ግራሶ ቀብቶ ክፍተቱ እስኪሞላ ይደረድርና፣ ትንሽ ቀዳዳ ካየ አሥረኛውንም ጠቅጥቆ ያስገባል። ባዶ ቦታ መተው ሥራ ማጉደል ይመስለዋል። ጎማው በእጅ ሲሽከረከር ደህና ነው፤ ሰው ሲቀመጥበት ግን ያ ትርፍ ኳስ ከሌሎቹ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ጭነቱ እሱ ላይ ያርፍና ኳሶቹ የሚደገፉበትን ኮን ይቦረቡረዋል። ከእኔ ጋር የሚሠሩ ልጆች የመጽሐፍን ትምህርት የሚጀምሩት ከዚህች ቁጥር ነው። ምክንያቱ ሳይገባቸው ቢሸመድዷት ዋጋ የላትም። ኳስ የሚሽከረከርበት ጥቂት ነፃ ቦታ እንደሚያስፈልገው ከተረዱ ግን ነገ በባጃጅ ኩሽኔታም ላይ ራሳቸው ያስቡታል።

እኔ ሙያውን የያዝኩት ባሕር ዳር ነው። ከተማው ሜዳ በመሆኑ ተማሪውም ሠራተኛውም ብስክሌት ይነዳል፤ ጠጋኙም በየጥጉ ነበር። የመማሪያው ሥርዓት ባይጻፍም ጥብቅ ነው፦ መጀመሪያ ዕቃ በናፍጣ ማጠብና ቁልፍ ማቀበል፣ ከዚያ ካላማዳሪ መለጠፍ፣ ከዚያ ፍሬን፣ መጨረሻ ላይ ቸርኬ ማቃናት። አለቃው አያስረዳም፤ እሱ ይሠራል፣ አንተ ታያለህ። ይህን አሠራር የሚንቁ አሉ። እኔ አልንቅም፤ በቃል የማይተላለፍ ነገር አለና። ኮን ማጥበቅን እንይ። ኮኑን ከኳሶቹ እስኪገናኝ በጣት ታዞራለህ፣ ጥቂት ትመልሰዋለህ፣ ከዚያ በቀጭን ቁልፍ ይዘኸው የላዩን ዳዶ ታጠብቃለህ። ዳዶው ሲጠብቅ ኮኑን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ስለዚህ ቀድመህ የምትተዋት ልቅነት ዳዶው የሚወስዳትን ያህል መሆን አለባት። ልክ ሲሆን አክሱሉ በጣት ሲዞር አይሻክርም፣ ጎማው ወዲያና ወዲህ ሲገፋም አይንገጫገጭም። መጽሐፍ ይህን በሁለት መስመር ይጨርሰዋል። ጣት የሚያውቀው ግን አጥብቆ፣ ፈትቶ፣ እንደገና አጥብቆ ነው።

የዚያ ሥርዓት ጉድለት ጥያቄ አለመፍቀዱ ነው። «እንዲህ ነው የሚሠራው» የሚለው መልስ ለለመዱት ዕቃ ይበቃል። ያልለመዱት ዕቃ የመጣ ቀን ግን ለማጁም አለቃውም እኩል ይቆማሉ፣ ያኔም ጉልበት ይገባበታል፣ ብሎን ይበጠሳል።

እዚህ ደገሀቡር፣ ከጅግጅጋ ወደ ጎዴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ እንጀራዬ በአብዛኛው ከባጃጅ ነው። አዲስ ልጅ የማስጀምረው ግን በብስክሌት ነው። ብስክሌት የተሸፈነ ነገር የለውም፤ ኃይሉ ከፔዳል ተነስቶ በካቴና በኩል እስከ ኋላ ጎማ የሚሄድበትን መንገድ ልጁ በዓይኑ ይከተለዋል።

ልጆቹ ሶማሊ ናቸው፤ አንደኛ ደረጃን የተማሩት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ነው። ሶማሊኛ ደግሞ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። እኔ በእነሱ ዕድሜ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሲሰጠኝ ፊደሉ ራሱ ያስፈራኝ ነበር፤ እነሱ ትርጉሙን ባያውቁትም ፊደሉን ያነቡታል። አንዱ ልጅ ፔዳል እያጠበ «አዴር (አጎቴ)፣ ይሄኛው ጫፉ ላይ ኤል አለበት፣ ያኛው አር» አለኝ። «አስቀምጠው፣ አሁን ሁለቱንም ግጠም» አልኩት። የአሩን ወደ ቀኝ አዙሮ አጠበቀው። የኤሉ እምቢ ሲለው ቁልፉን ለመርገጥ ተነሣ። አስቆምኩት፤ ወደ ግራ አዙረው ስለው ሰተት ብሎ ገባ። የግራ ፔዳል ጥርሱ የተገላቢጦሽ ነው፤ እንደ ቀኙ ቢሠራ ነጂው በረገጠ ቁጥር ራሱን ይፈታ ነበር። ያንን ፊደል ሳያዩ በጉልበት የሚያስገቡ ሰዎች የፔዳሉን ክንድ ጥርስ በልተው ዕቃውን ከጥቅም ውጭ ያደርጉታል።

ከጽሑፉ በላይ ግን የምተማመነው በሥዕሉ ነው። የባጃጅ መለዋወጫ ካታሎግ ውስጥ ዕቃው ሁሉ ተበትኖ፣ እያንዳንዱ ቁራጭ በሚገባበት ተራ ተደርድሮ፣ ከጎኑ ቁጥር ተጽፎለት ይታያል። እኔ በአማርኛ፣ ልጁ በሶማሊኛ ብንናገርም ሁለታችንም ጣታችንን የምናሳርፈው ቁጥር 7 ላይ ነው። ፍሪሲዮን ስንፈታ መሬት ላይ ንጹሕ ጨርቅ አነጥፋለሁ፤ የወጣው ዕቃ በሥዕሉ ተራ ይደረደራል። ሲገጠም የቀረ ራንዴላ ካለ ጨርቁ ይናገራል።

መጽሐፍ የማያውቀውም አለ። ብዙው የብስክሌት መመሪያ የተጻፈው ዝናብ ለሚበዛበት አገር ነውና ካቴናን ቶሎ ቶሎ ዘይት አጠጡ ይላል። የኛ አቧራ ደቃቅ ነው፤ በዘይት የራሰ ካቴና ላይ ሲጣበቅ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ጥርሱን ይፍቃል። ስለዚህ ጥቂት እናደርጋለን፣ የተረፈውንም በጨርቅ ጠርገን እናደርቃለን። በባጃጅ የአየር ማጣሪያ ላይ ግን መጽሐፉም አቧራውን ያውቃል። መመሪያው በተጻፈው ኪሎ ሜትር አጽዱ ካለ በኋላ አቧራማ ቦታ ላይ ከዚያም ቀድሞ ይሁን ይላል፤ ይህችን የመጨረሻ ሐረግ አስምሬባታለሁ። ካላማዳሪ ሲለጠፍ ማስቲሹ እርጥበቱ ጠፍቶ እስኪደበዝዝ ጠብቁ የሚለው ትክክል ነው። በኛ ሙቀት ግን ቶሎ ስለሚደርቅ ሁለት ቀዳዳ በአንዴ መቀባት አያዋጣም። እሾሁ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጎማው ውስጥ ይቀራል፤ ውስጡን በጥጥ ሳይዳስስ የለጠፈ ልጅ ከብስክሌቱ ባለቤት ጋር ማታውኑ ይገናኛል።

ልኬት ላይ ግን ለመጽሐፉ እገዛለሁ። አዲስ ካቴና ከአንዱ ፒን ተነስተን 20 ክፍተት ስንቆጥር 25 ሴንቲ ሜትር ከ4 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ ይህ በተማሪ ማስመሪያ ይለካል። ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ከተሳበ ከጥርሶቹ ጋር ነው ያለቀው፤ ካቴናውን ብቻ መቀየር የደንበኛን ገንዘብ ማባከን ነው። «ያለቀ ይመስለኛል» የሚል ልጅ ማስመሪያውን ይዞ ይመጣል።

ይህን ሁሉ በአንድ ወፍራም ደብተር እየጻፍን ነው፦ ሥዕሉ መሐል ላይ፣ ልኬቱ ከሥር፣ አማርኛው በግራ፣ ሶማሊኛው በቀኝ። በጋራዥ የተማረ ሰው የብቃት ምዘና መቀመጥ ይችላል፤ ልጆቹ ለዚያ ሲዘጋጁ እጃቸው የሚያውቀውን በቃልም እንዲያስረዱ እፈልጋለሁ። የቀኙን ዓምድ የሚጽፉት እነሱ ናቸው። የብስክሌቱን ክፍል ጨርሰው አሁን የባጃጁን ፍሪሲዮን ይዘዋል።