ከጎሚኒው ጀርባ

የሚያፈስ የሞተር ሳይክል ፍሬን ካሊፐር ታድሶ ሲመለስ አብዛኛው ባለሞተር የሚያየው ውጩን ነው። ቀለሙ አዲስ ነው፣ ብሎኖቹ ያብረቀርቃሉ፣ የፍሬኑ እጀታ ሲጨበጥ ይጠነክራል፤ ሂሳቡን ከፍሎ ይሄዳል። እኔ ግን ሥራው የሚመዘነው እዚያ አይመስለኝም። ካሊፐር አንዴ ከተገጠመ በኋላ ዐይን የማይደርስበት አንድ ቦታ አለ፤ እሱም ጎሚኒው፣ ማለትም በፒስተኑ ዙሪያ ዘይቱን የሚያግደው የጎማ ቀለበት፣ የሚቀመጥበት ጠባብ ቦይ ነው። ጥሩ መካኒክና ፈጣን መካኒክ የሚለዩት እዚያ ነው።

ወላይታ ሶዶ ላይ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ከተማዋ ዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የአርባ ምንጭን መንገድ ይዞ በሁምቦ በኩል የሚወርድ ሰው አባያ ሐይቅ ዳር ሲደርስ ከፍታው ወደ 1,200 ሜትር ይወርዳል። ሞተር ደግሞ እዚህ አገር ለብቻ አይነዳም፤ ከኋላ ሰው አለ፣ ብዙ ጊዜም ጆንያ አለ። ያ ሁሉ ክብደት ቁልቁለቱን የሚወርደው ያችን አንዲት የጎማ ቀለበት ተማምኖ ነው።

የዲስክ ፍሬን በሃይድሮሊክ የሚሠራበትን ዘዴ በብዛት ተመርቶ በተሸጠ ሞተር ሳይክል ላይ ያስለመደው በ1969 እ.ኤ.አ. የወጣው ሆንዳ ሲቢ 750 ነው። በየወረዳው ቢሮ ደጃፍ ቆሞ የለመድነው ያማሃ ኤጂ 100 ግን የፊቱም የኋላውም ፍሬን ከበሮ ነው፤ ዘይት የሚባል ነገር አያውቅም። በከበሮ ፍሬን እጁን ያፍታታ መካኒክ ቤንዚን አፍስሶ ማጠብን፣ የሚንቀሳቀሰውን ክፍል ግራሶ መቀባትን ተምሯል። ለከበሮው የካም ዘንግ ልክ ነው። ያንኑ ልማድ ይዞ ወደ ካሊፐር ሲመጣ ግን ጥፋት ይሆናል። የካሊፐር ጎሚኒ ለፍሬን ዘይት ተብሎ የተሠራ ጎማ ነው፤ ቤንዚን፣ ናፍጣ፣ የሞተር ዘይትና ተራ ግራሶ ሲነካው ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ቅርጹን ያጣል። ስለዚህ ጋራዥ ገብቼ መጀመሪያ የምጠይቀው ዋጋ አይደለም። «ወንድሜ፣ በምን ታጥበዋለህ?» ነው። በራሱ በፍሬን ዘይት ወይም በአልኮል ካለ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ቤንዚን ካለ ካሊፐሬን ይዤ እወጣለሁ።

ጎሚኒው ማፍሰስን ብቻ የሚከላከል የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሥራው ሁለት ነው። እጀታው ሲጨበጥ ፒስተኑ ወደ ፍሬን ሸራው ይገፋል፤ አራት ማዕዘን የሆነው ጎማ ፒስተኑን እንደያዘ አብሮት ጥቂት ይጣመማል። እጀታው ሲለቀቅ ጎማው ወደ ቅርጹ ይመለሳል፣ ሲመለስም ፒስተኑን ይስበዋል። ካሊፐር ውስጥ ፒስተኑን የሚመልስ ሞላ የለም። እንዲህ በቀላል ነገር ሁለት ሥራ ያሠራው መሐንዲስ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

አሁን ወደ ቦዩ እንመለስ። ውሃና የክረምት ጭቃ በአቧራ መከላከያው ሥር እየሰረገ ሲገባ አሉሚኒየሙን ይበላዋል፤ ከጎሚኒው ጀርባም ነጭ ቅርፊት ይጋገራል። ቅርፊቱ ጎሚኒውን ወደ ውስጥ ገፍቶ ፒስተኑ ላይ ያጣብቀዋል። በዚህ ቦይ ላይ አዲስ ጎሚኒ የሚያስገባ መካኒክ ማፍሰሱን ሊያቆም ይችላል፤ ግን ፍሬኑ መንከስ ይጀምራል። ፒስተኑ አይመለስም፣ ሸራው ዲስኩን አይለቅም፣ ሁምቦ ሳይደረስ ዲስኩ ይግላል፣ ዘይቱ ይፈላል። የፈላ ዘይት አረፋ ነው፤ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል፤ እጀታው መሪው ድረስ ይገባል። «አያፈስም» ማለት «ታድሷል» ማለት አይደለም።

ጥሩ መካኒክ ቦዩን ሲያጸዳ ማየት ደስ ይላል። ካቻቢቴ አያነሳም። በቀጭን የተሳለ እንጨት ወይም በነሐስ ሽቦ ዙሪያውን ይፍቃል፣ በአልኮል ያጥባል፣ ወደ ብርሃን አዙሮ ያያል፣ እንደገና ይፍቃል። የቦዩ ማዕዘኖች ሹል ሆነው፣ ወለሉ ብረቱን ብቻ እያሳየ መቅረት አለበት። የሲሊንደሩን ግድግዳ እንደ መስታወት ለማድረግ የሚደክም ሰው አጋጥሞኛል፤ ድካሙ ያለ ቦታው ነው። በዚህ ዓይነት ካሊፐር ዘይቱ የሚታገደው ጎሚኒውና ፒስተኑ በሚነካኩበት ነውና ግድግዳው ላይ ያለ ቀላል ጭረት ብዙ አይጎዳም።

ፒስተኑን ግን በእጅ መያዝ ያስፈልጋል። ጥፍርን ጎኑ ላይ ቀስ አድርጎ መጎተት ነው፤ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ ያ ፒስተን አበቃለት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ዝገቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው በውጨኛው ጫፍ ነው፤ ሸራው ሲያልቅ ከጎሚኒው አልፎ የወጣው ክፍል ማለት ነው። አዲስ ሸራ ሲገባ ፒስተኑ ወደ ውስጥ ይገፋል፣ የዛገው ክፍል ጎሚኒው ሥር ይገባል፣ ማፍሰስ የሚጀምረው ያኔ ነው። «ሸራ ባስቀየርኩ ማግስት ፈሰሰ» ሲባል ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ይሄው ነው። በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ መፍትሔ አይሆንም፤ ክሮሙን ያነሳውና ዝገቱን ያፋጥነዋል። የድሮ ሞተር መለዋወጫ ሲጠፋ ቶርኖ ቤት ማስቀረጽ ይቻላል፤ ብረቱ የማይዝግ፣ ልኩ በማይክሮሜትር የተለካ፣ ጎኑም የቶርኖው መስመር እስኪጠፋ የተወለወለ ከሆነ። መስመሩ በዐይን ከታየ ጎሚኒውን ይበላዋል። የፒስተኑ ከንፈር ላይ የፒንሳ ጥርስ ካለ ደግሞ አወጣጡ የጉልበት ነበር ማለት ነው፤ ካሊፐሩ ከመስመሩ ሳይነቀል እጀታውን እየጨበጡ ራሱ ዘይቱ እንዲገፋው ማድረግ ይቻል ነበር።

የቀረውን ቶሎ ልለፈው። ዘይት የነካው ሸራ ይጣላል፤ በእሳት ማቃጠል አያድነውም። የቱቦው ብሎን ሥር ያሉት የመዳብ ሮንዴላዎች አዲስ ይሁኑ። ካሊፐሩ የሚንሸራተትባቸው ዘንጎች ደርቀው ከነበረ የድሮው ሸራ በአንድ ጎን ብቻ አልቆ ይገኛል፤ መካኒኩ ያንን ሸራ አይቶ ዘንጎቹን ካላነሳ አላስተዋለም። ዘይቱ ደግሞ ተከፍቶ ከከረመ ጠርሙስ አይቀዳም። የፍሬን ዘይት ውሃ ከአየር ይስባል፤ ዶት 4 አዲስ ሲሆን ከ230 ዲግሪ በታች መፍላት የለበትም፣ ውሃ ሲጠጣ ግን ደረጃው ራሱ የሚጠይቀው 155 ብቻ ነው። ዶት 5 ሲሊኮን ስለሆነ ከዶት 4 ጋር አይቀላቀልም። ይህ የጎሚኒና የዘይት ሕግ ከተማውን ለሞላው ባጃጅም ይሠራል፤ ፍሬኑ ከበሮ ቢሆንም የሚገፋው ዘይት ነው።

ሲረከቡ የፊት ጎማው ከመሬት ይነሳ። ይሽከርከር፣ እጀታው ይጨበጥ፣ ይለቀቅ፣ ወዲያው በእጅ ይዙር። ትንሽ ሹክሹክታ ችግር የለውም፤ መያዝ ግን የለበትም። ቦዩ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ከያዘ እጀታው ጋ ባለው ማስተር ሲሊንደር ውስጥ ያለችው ዘይቱ የሚመለስባት በጣም ጠባብ ቀዳዳ ተደፍና ይሆናል፤ እሷን ሳይከፍቱ ካሊፐሩን ደግሞ መፍታት ጊዜ መግደል ነው። ከዚያ እጀታው በካላማዳሪ ቁራጭ ተጨብጦ ይታሰር፣ ካሊፐሩ ሥር ነጭ ወረቀት ይነጠፍ፣ ይደር። ጠዋት ወረቀቱ ደረቅ፣ እጀታውም ማታ ከነበረበት ያልሰመጠ መሆን አለበት። በመጨረሻ ሜዳ መንገድ ላይ የፊቱን ፍሬን ሳይነኩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነድቶ መዳፍን ወደ ዲስኩ ማስጠጋት ነው፤ ሙቀት ከተሰማ ገንዘቡን ከመክፈል በፊት ካሊፐሩ እንደገና ይፈታ።