ስላይድን ለሁሉ ማዳረስ

በጉለሌ፣ ጳውሎስ በሚባለው ሰፈር፣ ሕሙማን የሚፈወሱበት ሆስፒታል ሐኪሞች የሚማሩበትም ኮሌጅ በመሆኑ፣ ዕውቀት ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ከሚሻገርባቸው መንገዶች አንዱ ስላይድ ነው፤ በዚህ ዘመን ከማደንቃቸው ምግባራትም አንዱ፣ ያንን ስላይድ ዓይኑ ለደከመ፣ ጆሮው ለከበደ፣ ቀለም ለማይለይም ተማሪ እንዲዳረስ አድርጎ ማዘጋጀት ነው።

የልብን ሥዕል እንውሰድ። የተለመደው ሥዕል ኦክስጅን የበዛበትን ደም በቀይ፣ ያነሰበትን በሰማያዊ ይለያል፤ አስተዋይ መምህር ግን ቀለሙን ብቻ ሳያምን በየክፍሉ ስሙን በጎላ ጥቁር ፊደል በነጭ ላይ ይጽፋል፤ «ይኸውላችሁ፣ እዚህ ጋ» በማለት ፈንታም፣ «ከሥዕሉ በስተቀኝ ከታች ያለው የልብ ግራ ክፍል፣ ደምን ወደ መላ አካል ስለሚገፋ፣ ግድግዳው ከቀኙ ይልቅ ወፍራም ነው» ይላል። ኮምፒዩተሩ በድምፅ የሚያነበውን የሥዕል ገለጻ ይጨምራል፤ ለእያንዳንዱ ስላይድ ርእስ ይሰጣል፤ ከንፈር አይቶ ለሚረዳውም ፊቱን ሳያዞር ይናገራል።

በቃል ገልጾ ማስተማር ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ ዓይነ ስውራን ሊቃውንት በቅኔ ቤትና በዜማ ቤት ትምህርቱን ተቀብለው ለትውልድ ያስተላለፉት፣ መምህሩ በቃል ያስተምር፣ ደቀ መዝሙሩም በጆሮው ይቀበል ስለ ነበር ነው። ኢትዮጵያም የአካል ጉዳተኞችን መብት ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። ሕግ ግዴታን ይደነግጋል፤ ምስጋና ግን ሥዕሉን በቃል ለመግለጽ ለሚደክም መምህር ይገባዋል፤ የድካሙ ፍሬ ከኋላ ወንበር ለተቀመጠው፣ ዓይኑ ለሚያየውም ተማሪ ይተርፋልና።